በሐሪድ ቀን የሳቅሁት ሳቅ

ለውድ እታለሜ ለሩቀያ አብከር፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺም በቤትሽም ላይ ይሁን። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የደማም ከተማ ሙቀት ጀመረ ወይ? ዐቂል ከወደቡ ሥራ በጊዜ ይገባል ወይስ አሁንም ራቱን ቀዝቅዞ ነው የሚያገኘው? የሙዕታዝ ጥርስ ወለቀ ብለሽ ነበር፤ አዲሱ በቀለለት? ወጅዳንስ ያንን የእንጨት ማንኪያ አቅፋ መተኛቷን ተወች? እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው። እማማ ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ነይ አግዢኝ የሚላት ሰው ካገኘች ሮጣ ትሄዳለች፤ ታውቂያት የለ። አባባም በአካላቸው ደህና ናቸው። በአካላቸው ያልኩበትን ምክንያት ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ባለፈው ስትደውዪ «ድምፅህ ምን ሆነ?» ብለሽኝ «ጉንፋን ነው» አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም። በስልክ ልነግርሽ እየጀመርኩ ምላሴ ይተሳሰርብኛል፤ እማማም እኔ ስልክ ባነሣሁ ቁጥር በሩ ሥር ተቀምጣ የምትለቅመው ሩዝ አታጣም። ስለዚህ ወረቀትና ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው በወረቀት ላይ ሲያፍር ቢያንስ ፊቱ አይታይም። ደብዳቤውን በመርከብ ወደ የብሱ፣ ወደ ጂዛን የሚሻገር ሰው ፖስታ ቤት ይጥልልኛል።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ከጂዳና ከሪያድ፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ፣ የባሕሩን ሥር ሊያዩ የሚመጡት ጠላቂዎች ጀልባዬን ይሞሉልኛል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በደሴቱ ዙሪያ እንግዳ ይዤ ያልወረድኩበት ውኃ የለም ማለት ይቻላል። ልጆች ሆነን «የሙት ድንጋይ» እያልን የምንሸሸው ቦታ ከሥሩ ገደል ነው፤ ግድግዳው እስከ ታች ድረስ በቀይና በቢጫ ኮራል ተለብጧል፤ እንግዶቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው። አጎታችን መረቡ ተይዞበት ቀኑን ሙሉ ሲራገም የዋለበት ቦታ ደግሞ ለካ የሰመጠች የጭነት ጀልባ አለችበት፤ አሁን በመስኮቷ ዓሣ ይገባል፣ ይወጣል። በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ዔሊዎች ሣር ይግጣሉ፤ ጀማሪዎቹን የማወርደው እዚያ ነው። አንድ ቀን ጀልባው ላይ ለእንግዶች «አባቴ የሚያውቀው የባሕሩን ጣሪያ ነው፤ ቤቱን የማውቀው እኔ ነኝ» ብዬ ተናገርኩ። ሳቁልኝ፤ ደረቴን ነፋሁ። ሰው ልቡ ሲያብጥ ለራሱ አይታወቀውም።

አንድ ቦታ ብቻ ለማንም አሳይቼ አላውቅም ነበር፤ የወሽመጡን በር፣ ባሕሩ ወደ የብስ የሚገባበትን አፍ። ይህን ለአንቺ ማስረዳት ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው፤ ነገር ግን ልጆችሽ ደማም ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አንድ ቀን ቢያነቡት እንዲገባቸው ልጻፈው። ሐሪድ የሚባለው፣ አፉ የበቀቀን ምንቃር የሚመስለው ዓሣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሙቀቱ ሊገባ ሲል፣ ከጥልቁ ተሰብስቦ መጥቶ በዚያ በር ላይ ይቆማል። ከዚያ በማግሥቱ ጥልቀት ወደሌለው ወሽመጣችን ይገባል። ከመግባቱ በፊት ነፋሱ ሽታውን ያመጣል። ሽታውን ለይተው «ነገ ነው» የሚሉት አባታችን ናቸው፤ ከእሳቸው በፊትም አባታቸው ነበሩ። «ነገ» ካሉበት ሰዓት ጀምሮ በበሩ አጠገብ ሞተር የሚያስነሣ ሰው የለም። በነጋታው መንደሩ በሙሉ መረቡን ይዞ አሸዋው ላይ ይቆማል፤ አባባ ጥምጣማቸውን ፈትተው ከፍ ያደርጉታል፤ ዝቅ እስኪያደርጉት ድረስ አንድም እግር ውኃ አይነካም። መጀመሪያ የተያዘው ዓሣ በዚያ ዓመት ልጁን የዳረ ሰው ቤት ይሄዳል።

ዘንድሮ ያ ቤት የዳርዊሽ ነበር፤ የአባባ የልጅነት ጓደኛ፣ ያ ምላሱ ምላጭ የሆነው ሰውዬ። ትንሿን ልጁን ለጂዛን ሰዎች ድሯት፣ አማቾቹ የሐሪዱን ዓሣ በእጃቸው ሊቀበሉ በመርከብ ተሻግረው መጥተው ነበር። ቤቱን ኖራ አስቀብቶ፣ በግ አርዶ ነው የተቀበላቸው።

አባባ ከማለዳው የሱብሒ ሶላት በኋላ ከባሕሩ ዳር ተመልሰው «ነገ ነው፣ ኢንሻአላህ» አሉ። መንደሩ ተንጫጫ፤ ሰዉ ሁሉ መረቡን አውጥቶ ይፈታትሽ ጀመር። የዚያን ቀን እኔ ዘንድ ራእድ የሚባል የጂዳ ሰው ጓደኞቹን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ነው። ገደሉን አሳየሁት፤ የሰመጠችውን ጀልባ አሳየሁት። «ይሄንንማ ሁሉም አንሥቶታል» አለኝ። «አንተ ደግሞ የደሴቱ ልጅ ነኝ ትላለህ፤ ለእንግዳ የሚታየውን ብቻ ነው እንዴ የምታውቀው?» ሲለኝ፣ እታለም፣ ደሜ ፈላ። ምንም አልሰጠኝም፤ እኔም ምንም አልጠየቅሁትም። በአንዲት ሽሙጥ ብቻ ነው የገዛኝ።

ራሴን ያታለልኩበትን ብልሃት ስሚ። ሕጉ የሚለው ሞተር አይነሣ ነው። እኔም ከሩቅ አጠፋሁት፤ ጀልባዋን የውኃው ፍሰት እየገፋ አስገባት፤ እኛም ኮሽታ ሳናሰማ ወረድን። ሞተር ካላስነሣሁ ሕግ አላፈረስኩም አልኩ። አባቶቻችን ያንን ደንብ ሲያወጡ ሰው አየር በሲሊንደር አዝሎ ከሥር ይመጣል ብለው አላሰቡም። እኔ ይህን አላጣሁትም፤ እያወቅሁ ነው የገባሁት።

ነበሩ። ሐሪዶቹ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ከአሸዋው እስከ ላይ ተደራርበው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወሽመጡ አዙረው ቆመው ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። እንግዶቹን በእጄ ምልክት «እዚሁ ቁሙ» አልኳቸው፤ ለጊዜው ቆሙ። ከዚያ ራእድ ያንን ትልቅ መብራቱን አብርቶ ወደ መሀላቸው ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ የአየሩ አረፋ በየቦታው ሽቅብ ይፈላ ጀመር። ዓሣው ሁሉ ባንድ ጊዜ ዞረ። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ወደ ጥልቁ ወረደ፤ የቀረው የተነሣው አሸዋ ብቻ ነበር። ጀልባው ላይ ስንወጣ ራእድ አቅፎ ሳመኝና «እንደ ዛሬ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔ ግን እስኪነጋ ይመለሳሉ፣ ይመለሳሉ እያልኩ ለራሴ እምላለሁ።

በነጋታው ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ መረቤን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ከሰዉ መሀል ቆምኩ። አባባ ከፊታችን ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጥምጣማቸውን ከፍ አድርገው ቆመዋል። ፀሐይ ወጣች፤ ውኃው ጠራ፤ ከሥሩ የሚታየው አሸዋ ብቻ። ሰዉ መጀመሪያ ወደ ውኃው አፈጠጠ። ቀጥሎ ሕፃናቱ ይነጫነጩ፣ ሴቶቹ ይንሾካሾኩ ጀመር። የዳርዊሽ አማቾች ዣንጥላ ተይዞላቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዳርዊሽ ሲብስበት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለመሆኑ አብከር፣ የሸተተህ ዓሣ ነው ወይስ ጫማህን አውልቀህ ነበር?» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ተውት እባካችሁ፣ አፍንጫው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል» አለ ሌላው። ደግሞ ተሳቀ።

እታለም፣ እኔም ሳቅሁ። በከንፈሬ ብቻ አይደለም፤ ያቺን እማማ «ከጎረቤት የምትሰማ» የምትላትን ሳቄን ነው የሳቅሁት። ሁሉም ሲስቅ እኔ ዝም ብል ፊቴ ላይ የሚነበብብኝ መሰለኝ። ከዚያም በላይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰዉ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባባ በማየቱ ደስ ብሎኝ ነበር። 

አባባ አልዞሩም። ጥምጣሙን የያዘው እጃቸው ብቻ ትንሽ ዝቅ አለ፤ መልሰው ከፍ አደረጉት። የቀትሩ የዙህር አዛን እስኪሰማ ድረስ እንደዚያው ቆሙ። ከዚያ ጥምጣማቸውን አጣጥፈው ወደ ሰዉ ዞሩና «ተሳስቻለሁ፤ አውፍ በሉኝ» አሉ። በመሀላችን አልፈው ወደ ቤት ሄዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የዳርዊሽ አማቾችም በዚያው ቀን መርከብ ተመለሱ፤ ዳርዊሽ ገበያ ወጥቶ የበረዶ ዓሣ ገዝቶ ነው የሸኛቸው። በደሴት ላይ ከዚህ የከፋ ውርደት የለም።

ከዚያ ወዲያ አባባ ጠዋት ጠዋት ወደ ባሕሩ ዳር መውጣታቸውን ተዉ። ወተት ሲቀርብላቸው ለእማማ መልሰው ይሰጧትና «እስቲ አሽትቺልኝ፣ ተበላሽቷል እንዴ?» ይሏታል። አንድ ቀን ድስት አርሮ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዘንበል አሉና «የሚሸት ነገር አለ ወይስ ለእኔ ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አለ፣ አባባ፣ ድስት አርሮ ነው» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉ። ወጥቼ ከጓሮ አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ቀኑን በጨረቃ ቆጥረን እንወስን፣ በሰው አፍንጫ መተማመን ይብቃን ይባባሉ ጀመር። ይህ ለአባባ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ጉልበታቸው ከደከመና ጀልባቸውን ከሸጡ ወዲህ በመንደሩ ዘንድ የቀረቻቸው ያቺ አንዲት ቀን ናት። እኔ ደግሞ ያቺን ቀን ቀምቻቸው፣ ከእሳቸው ጋር ከአንድ ትሪ እጎርስ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ስከርም ባለፈው ሰኞ ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አባባ ግቢ ውስጥ የሰው መረብ ሲጠግኑ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ራእድን፣ ሞተሩን ማጥፋቴን፣ መብራቱን፣ ሁሉንም። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ እንዴት በወደድኩ። መርፌውን ቀስ ብለው አስቀመጡና «ነበሩ?» አሉኝ። ነበሩ፣ አባባ፣ አልኳቸው። «በበሩ ላይ?» በበሩ ላይ። «ብዙ?» ከአሸዋው እስከ ላይ ድረስ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሳቁ። እማማን ተጣርተው «ሰማሽ አንቺ ሴትዮ፣ ነበሩ። አፍንጫዬ ደህና ነው፤ ልጅሽ አይቷቸዋል» አሏት። እማማ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን እያየች ቆመች፤ ነገሩ የገባት ከእሳቸው ቀድሞ ነው መሰለኝ፣ ፊቷን አዙራብኝ ተመልሳ ገባች።

አባባ ግን ይጠይቁኝ ጀመር። ትልልቆቹ ከፊት ናቸው ከኋላ? ሲቆሙ ይነካካሉ ወይስ ይራራቃሉ? ክንፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ከላይ ሆነው በሽታ ብቻ ያወቁትን ነገር እኔ ገብቼ አየሁት፤ አይቼም በተንኩት፤ አሁን ደግሞ እንደ ተረት እተርክላቸዋለሁ። እሳቸው እያዳመጡ «ሱብሓነላህ፣ ሱብሓነላህ» ይላሉ። ቁጣቸው ጠፍቶ ሳይሆን ደስታቸው ቦታ አልሰጠውም። ያ ደስታቸው ከዱላ ይልቅ አቃጠለኝ፤ ያን ሁሉ ቀን በአንዲት ቃል ልገላግላቸው ስችል ዝም ብዬ ከርሜ ነበርና። ስለ ሳቁ ግን አልነገርኳቸውም። ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር፤ የመንደር ሳቅ ነው፣ ማን ማን እንደሆነ አይለዩም ብዬ ተውኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ጭራሽ ወለምታውን ደበቅሁት።

ለመንደሩም እናገራለሁ ስላቸው «ለእኔ ከነገርከኝ ይበቃል፤ ዳርዊሽ ምላሱን በአንተ ላይ እንዲስል አልፈልግም። ገና ሚስት ያላገባህ ልጅ ነህ፤ ያረጀ አፍንጫ ነውር አይደለም፤ የአንተ ግን ነውር ነው» አሉኝ። በዚህ አንድ ነገር አልታዘዝኳቸውም። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዉ ሳይበተን ተነሥቼ ተናገርኩ።   ዳርዊሽ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲመጣ በጥፊ ሊለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «አንተ የባሕር አይጥ፣ የልጄን ሠርግ በላኸው እኮ» አለኝና አልፎኝ ሄደ። ከአባባ ፊት ተንበርክኮ፣ በሰዉ ሁሉ ፊት፣ አፍንጫቸውን ሳመ። «በዚች ላይ ነው የቀለድኩት፤ አውፍ በለኝ» አላቸው። አባባም «ተነሥ፣ ጺምህ ይኮሰኩሳል» ብለው ሰዉን አሳቁ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

ሽማግሌዎቹ የጨረቃውን ነገር ተዉት። ለሚመጣው ዓመት አባባ «ነገ» ሲሉ የጠላቂ ጀልባ ሁሉ ወደ የብስ እንዲጎተት ወሰኑ፤ የእኔን ጀልባ መጀመሪያ የምጎትተው እኔ ራሴ ነኝ። ገደሉና የዔሊዎቹ ሜዳ አልተከለከሉም። እንግዳም ይመጣል፤ የምበላው አላጣሁም። ግን ከእንግዲህ ስለ ባሕሩ ጣሪያና ቤት ለሰው አላወራም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ያህል ወረቀት ባልፈጀሁብሽ። ዓርብ ቤታችን ሰው ሞልቶት ዋለ፤ ዳርዊሽም በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ሰዉ ከተሸኘ በኋላ እኔና አባባ ምንጣፉን እያራገፍን ሳለ «ጀብራን» አሉኝ፤ «አፍንጫዬ ያን ቀን ልክ ከነበረ፣ ጆሮዬም ልክ ነበር ማለት ነዋ።» ምን ሰምተው ነው፣ አባባ፣ አልኳቸው፤ ምን እንደሰሙ ግን ገና አፌን ሳልከፍት ገብቶኝ ነበር። «ከኋላዬ አንድ ሳቅ ሰምቼ ነበር» አሉ። «አፍንጫው የከዳው ሽማግሌ ጆሮውስ ምን ዋስትና አለው ብዬ ተውኩት። የልጄ አይደለም፣ እርጅና ነው ብዬ በእሱ ተጽናንቼ ነበር።» አልተቆጡም። የምንጣፉን ጫፍ አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ለሶላት ታጥበው ውዱእ ሊያደርጉ ሄዱ።

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ተነሥ» ብለውኛል፤ አባባ ያሉትን የሚያጥፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ። ነገር ግን እታለም፣ ይቅር ያለ ሰው የሰማውን አልሰማም ማለት አይችልም። አሁን ቤት ውስጥ እማማ የሚያስቅ ነገር ስትናገር እንኳ እንደ በፊቱ መሳቅ አቅቶኛል። አባባ እንዳይሰሙኝ እፈራለሁ። አንቺ ታላቄ ነሽ፤ አሳድገሽኛል፤ ብትቆጪኝ ተቆጪኝ፤ እንደዚህ ያለ ወንድም የለኝም ብትይም አልፈርድብሽም። ብቻ ስትደውዪ ነገሩን በአባባ ላይ አታንሺባቸው፤ ለእኔ ግን የልብሽን ጻፊልኝ።

ዐቂልን በጣም ሰላም በዪልኝ። ሙዕታዝን በዚያ በወለቀው ጥርሱ በኩል ሳሚልኝ፤ ወጅዳንን ጉንጯን። ለጎረቤትሽ ለእነ ኡሙ ዛሂርም፣ ያኔ ስመጣ ላበሉኝ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ። እማማ ትስምሻለች፤ የላክሽላት የጉልበት ቅባት አልቋል። አባባም ሰላም ይሉሻል። አሁን ከጎኔ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ለአንቺ መሆኑን ሲያውቁ «ለእህትህ ዘንድሮ ባሕሩ ነፈገን ብቻ በላት፤ ሌላውን ተወው። ሩቅ አገር ሆና ወንድሟን በክፉ እንድታስበው አልፈልግም» ብለውኛል።

ወንድምሽ ጀብራን አብከር
ራስ ደሩር፣ ፋራሳን ደሴቶች
ዙልቃዕዳ 12 ቀን 1446 ሂጅራ